የእጅ አማተር ሬዲዮ ይዤ ውጭ አገር ልወጣ ነው፤ ምን ልወቅ?

ገና_ጀማሪ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የአማተር ሬዲዮ (ለትርፍ ጊዜ ደስታ በሬዲዮ የመገናኘት) ፈቃዴን ካወጣሁ ብዙም አልቆየሁ። በቅርቡ ለሥራ አውሮፓ ውስጥ ሁለት ሦስት አገር እዞርና ከዚያ ወደ አሜሪካ እሻገራለሁ። 5 ዋት የምታወጣ ባለ ሁለት ባንድ የእጅ ሬዲዮ አለችኝ። ሻንጣ ውስጥ ቦታ አትይዝም፣ ትቻት ብሄድ ይቆጨኛል። ግን ጥያቄ በጥያቄ ሆኛለሁ። ፈቃዴ እዚያ ይሠራል ወይ? ኤርፖርት ላይ ይይዙብኝ ይሆን? ከደረስኩስ በኋላ የት ፍሪኩዌንሲ ላይ ነው ሰው የማገኘው? ባለቤቴም አብራኝ ስለምትሄድ ለእሷ አንድ ተጨማሪ ሬዲዮ ይዤ፣ ሰው መሃል ስንጠፋፋ ብንጠራራበትስ ብዬም አስቤያለሁ። የሞከራችሁ ካላችሁ በናታችሁ አንድ በሉኝ።

ሞገደኛው፦

እንኳን ወደ ሰፈሩ በደህና መጣህ። ከፈቃዱ እንጀምር፣ ሌላው ሁሉ ከሱ በኋላ ነው።

ዓለምን በሙሉ የሚያዞር የአማተር ፈቃድ የለም። የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የሬዲዮ ደንብ በአንቀጽ 25 ጉዳዩን ለየአገሩ ነው የተወው። በእንግድነት የመጣ አማተር ሬዲዮውን ይክፈት አይክፈት የሚለው የአስተናጋጁ አገር ውሳኔ ነው። ስለዚህ "ፈቃድ አለኝ" ማለት የሚያዛልቅህ አገርህ ውስጥ ነው። ድንበር ስትሻገር "እዚህስ ይቀበሉኛል?" ብለህ እንደገና ትጠይቃለህ።

አውሮፓን ያቀለለው እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው የሴፕት ምክረ ሐሳብ ነው፤ መጠሪያው ቲ/አር 61-01። ሴፕት የአውሮፓ አገሮች የፖስታና የቴሌኮሙኒኬሽን አስተዳደሮች የሚሰበሰቡበት አካል ነው። ይህን ምክረ ሐሳብ የተቀበለ አገር ፈቃድ ካለህ፣ በሌሎቹ ተቀባይ አገሮች እስከ 3 ወር ድረስ ሳታመለክት መሥራት ትችላለህ። ከአውሮፓ ውጭም አሜሪካ፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያና ኒውዚላንድን የመሳሰሉ ገብተውበታል። ይህ ግን ለጊዜያዊ ጉዞ ነው። ቤት ተከራይቶ ለሚኖር ሰው አይሠራም።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። አገሩ ዝርዝሩ ውስጥ ስላለች እሱም ያለበት ይመስለዋል። የፈቃዱ ደረጃም ይታያል። የአሜሪካን ብንወስድ ኤክስትራና አድቫንስድ ሙሉ መብት አላቸው። ጄኔራል የሚገባው ለጀማሪ ደረጃ በተዘጋጀው ሌላ ምክረ ሐሳብ በኩል ነው፣ እሱን የተቀበሉት አገሮች ደግሞ ያንሳሉ። ቴክኒሺያን ጭራሽ የለበትም። የአንተም ፈቃድ ላይ የሴፕት ደረጃው ተጽፎ እንደሆነ አሁኑኑ አውጥተህ እየው።

አገርህ ከዝርዝሩ ውጭ ከሆነች ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በሁለቱ አገሮች መካከል ያለ የመቀባበል ስምምነት ነው። እሱ ከሌለ ደግሞ ለአስተናጋጁ አገር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ጽፈህ የእንግዳ ፈቃድ ትጠይቃለህ። ቲኬት ከመቁረጥህ በፊት ጀምረው። አንዳንዱ በሳምንት ይመልሳል፣ አንዳንዱ ወር ጠብቀህም ዝም ነው።

የጥሪ መለያህም፣ ማለትም በሬዲዮ ራስህን የምታስታውቅበት የፊደልና የቁጥር ስም፣ ይለወጣል። የአገሩን መነሻ ፊደል ታስቀድምና የራስህን ታስከትላለህ። ፈረንሳይ ከሆንክ "ኤፍ" ብለህ፣ "ስትሮክ" ወይም "ስላሽ" ብለህ፣ ከዚያ የራስህን ትጠራለህ። ጀርመን "ዲኤል" ነው። አሜሪካ ላይ "ደብልዩ" ብለህ ያለህበትን ክልል ቁጥር ትጨምራለህ፣ በየንግግሩም ቢያንስ አንድ ጊዜ ያለህበትን ከተማና ግዛት ትናገራለህ። መለያህን በየ10 ደቂቃውና በመጨረሻ ላይ መጥራት እዚያ ግዴታ ነው።

ፈጣን_እጅ፦

ጋሼ ሞገደኛው፣ ለ5 ዋት ይሄ ሁሉ ወረቀት? ማን ይሰማዋል ብለው ነው?

ሞገደኛው፦

ማንም የማይሰማው ከሆነ ለምን ይጠራል ታዲያ? የሚጠራው ሊሰማ ነው። የሚሰሙት ደግሞ የአካባቢው አማተሮች ናቸው፣ የእንግዳ መለያ ሲሰሙ ጆሯቸው ይቆማል። ይህ በጎው ነው። ክፉው ደግሞ አንዳንድ አገር የእጅ ሬዲዮ የያዘ የውጭ ሰው፣ በተለይ በድንበር፣ በወደብ ወይም በመንግሥት ሕንፃ አካባቢ፣ የሚጠረጠረው በሕገወጥ ስርጭት ብቻ አይደለም። እዚያ ቆመህ "እኔ እኮ አማተር ነኝ" ብትል ቃሉን የሚያውቅልህ ፖሊስ ላታገኝ ትችላለህ። የፈቃድህን ኮፒ፣ የፓስፖርትህን ኮፒ፣ የደንቡን ገጽ አትመህ ያዝ። ወረቀት ስልክ ውስጥ ካለ ፋይል ይበልጣል። ወረቀት ካለህ ስልክህን አሳልፈህ መስጠት አያስፈልግህም።

ፈጣን_እጅ፦

እሺ፣ ተረታሁ።

ጓዝ_ቀላል፦

ስለ ኤርፖርቱ እኔ ልመልስ። መጀመሪያ ግን ጋሼ ያላነሱትን ልጨምር። የመናገር ፈቃድና ዕቃውን የማስገባት ፈቃድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የሴፕቱ ምክረ ሐሳብ ራሱ የጉምሩክን ነገር አይነካም፣ ለየአገሩ ሕግ ነው የሚተወው። ከአውሮፓ ወጣ ስትል ሬዲዮን ያለ ቅድሚያ የማስገቢያ ፈቃድ ጉምሩክ ላይ የሚያስቀሩ አገሮች አሉ። ትራንዚት የምታደርግበትንም አገር ቁጠር። አውሮፕላን ሲሰረዝ ሻንጣህን አንሥተህ ወደ ከተማ መውጣትህ አይቀርም።

አየር መንገዱንም ጠይቅ። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2024 ሊባኖስ ውስጥ ፔጀሮችና የእጅ ሬዲዮዎች ከፈነዱ በኋላ ነገሩ ጠብቋል። ኤምሬትስ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ወደ ዱባይ፣ ከዱባይ ወይም በዱባይ በኩል የሚበር ሰው ፔጀርና ዎኪ ቶኪ በእጅም በሻንጣም እንዳይዝ ከልክሏል። ከቤይሩት በሚነሡ በረራዎችም ተከልክሎ ነበር። ለፈታሽ ደግሞ የአማተር ሬዲዮና ዎኪ ቶኪ አንድ ናቸው፣ እዚያ ቆመህ ልዩነቱን ማስረዳት ትርፉ ድካም ነው። እንዲህ ያለ ክልከላ ይነሣል፣ ይመለሳል። ስለዚህ ከመብረርህ በፊት የአየር መንገዱን የክልከላ ገጽ ክፈትና አንብብ።

ባትሪውን በተመለከተ፦ የሊቲየም ባትሪ እስከ 100 ዋት-ሰዓት ድረስ ያለ ልዩ ፈቃድ ይያዛል። ያንተ 7.4 ቮልትና 1.8 አምፔር-ሰዓት ከሆነ ሲባዛ 13 ገደማ ነው፣ አትጨነቅ። ትርፍ ባትሪ ግን የግድ በእጅ ሻንጣ ነው የሚገባው። የብረት ጫፎቹን በፕላስተር ሸፍናቸው። እኔ ባትሪውን ከሬዲዮው አላቅቄ፣ አንቴናውን ፈትቼ ነው የማስቀምጠው። አንቴናው እንደተገጠመ ሻንጣ ውስጥ ቢጫን መሠኪያው ሊሰበር ይችላል። ባትሪው ካለ ደግሞ የመናገሪያ ቁልፉ በልብስ ተጭኖ ሬዲዮው ለብቻው ሲያወራ ይውላል፣ ያውም ያለ አንቴና።

አውሮፕላን ውስጥ መክፈት የሚባለውን እርሳው። ያለ አብራሪው ፈቃድ አይሆንም። መርከብም ከካፒቴኑ ፈቃድ ውጭ አይሞከርም።

ገና_ጀማሪ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ብዙ ተማርኩ። ፈቃዴ ላይ የሴፕት ደረጃው ተጽፏል፣ ሙሉው ነው። አሁን ወደ ሬዲዮዋ እንምጣ። ቤት የሞላሁትን ቻናል ይዤ ብሄድ ይጠቅመኛል?

ቴክኒሻኗ፦

አይጠቅምህም። አጥፍተህ እንደ አዲስ ሙላው።

ዓለም በአማተሮች ዘንድ በ3 ክልል ተከፍላለች። ክልል 1 አውሮፓ፣ አፍሪካና መካከለኛው ምሥራቅ ነው። ክልል 2 አሜሪካዎቹ ናቸው። ክልል 3 የቀረው እስያና ፓሲፊክ ነው። ሬዲዮህ ካሏት ሁለት ባንዶች (የፍሪኩዌንሲ መደቦች) አንዱ፣ የ2 ሜትሩ፣ በክልል 1 ከ144 እስከ 146 ሜጋኸርዝ ነው። አሜሪካ ላይ እስከ 148 ይሄዳል። የ70 ሴንቲሜትሩ አውሮፓ በአብዛኛው ከ430 እስከ 440፣ አሜሪካ ከ420 እስከ 450 ነው። አሜሪካ የገዛሃት ሬዲዮ 147 ላይ ስለፈቀደችልህ አውሮፓም ይፈቀዳል ማለት አይደለም። እዚያ 147 የአማተር ሳይሆን የሌላ ሰው ነው።

ቀጥታ፣ ያለ ሪፒተር (የሰማውን ድምፅ ተቀብሎ በሌላ ፍሪኩዌንሲ መልሶ የሚለቅ ጣቢያ ነው)፣ ሰው ለመጥራት አውሮፓ ላይ 145.500 እና 433.500 ነው። አሜሪካ 146.520 እና 446.000። በአጋጣሚ ጃፓን ብትደርስ 145.000 እና 433.000። እውነቱን ልንገርህና በእነዚህ ላይ ጠርቶ መልስ ማግኘት እንደ ዕድልህ ነው። ተስፋህን ሪፒተር ላይ ጣል።

ሪፒተር ለማግኘት 3 ነገር ያስፈልግሃል፦ የሚለቅበት ፍሪኩዌንሲ፣ ርቀቱ (የሚቀበልበት ፍሪኩዌንሲ ከሚለቅበት በስንት ከፍ ወይም ዝቅ እንደሚል)፣ እና ቶኑ። ርቀቱ ነው አገር ለአገር የሚያምታታው። አውሮፓ 2 ሜትር ላይ 600 ኪሎኸርዝ ዝቅ ይላል። አሜሪካም 600 ነው፣ ግን ወደ ላይም ወደ ታችም ይሆናል። 70 ሴንቲሜትር ላይ ደግሞ አሜሪካ 5 ሜጋኸርዝ ነው። ብሪታንያ በብዛት በ1.6 ከፍ ይላል። ጀርመን በ7.6 ዝቅ ይላል። ሬዲዮዋ "አውቶማቲክ" የምትለውን አትመናት፣ እሷ የምታውቀው የተሸጠችበትን ገበያ ነው። እያንዳንዱን ቻናል በእጅህ አስገባ።

ቶን ሲባል አብዛኛው ቦታ ከ67 እስከ 254.1 ኸርዝ ካሉት አንዱ፣ ጆሮ የማይለየው ዝቅተኛ ድምፅ ነው። ከንግግርህ ሥር ሆኖ ይሄዳል፣ ሪፒተሩ እሱን ካልሰማ አይከፍትልህም። አውሮፓ ውስጥ በ1750 ኸርዝ ፉጨት የሚከፈቱ የድሮ ሪፒተሮች ዛሬም አሉ። ሬዲዮህ ይህን ፉጨት የሚለቅ ቁልፍ እንዳላት መመሪያው ላይ ፈልግ። ከሌላት አንዳንዱ በር ይዘጋብሃል። የስርጭትህ ስፋትም እንዲሁ፦ ሬዲዮዋ ላይ አውሮፓ ጠባቡን፣ አሜሪካ ሰፊውን ምረጥ። ሰፊውን ጠባብ ቦታ ላይ ብታወጣው ድምፅህ ተቆራርጦ ይሰማል፣ ጎረቤት ቻናልም ታውካለህ።

ገና_ጀማሪ፦

እህቴ፣ አንድ ነገር ብቻ። ሁሉንም በትክክል ሞልቼ ሪፒተሩ ዝም ቢለኝስ? ሳይከፍት ቀርቶ ነው ወይስ ሰው የለም? በምን አውቃለሁ?

ቴክኒሻኗ፦

ጥሩ ጥያቄ ነው። እንዲህ አድርግ። መስኮት አጠገብ ቁም፣ ከተቻለ ከፍ ያለ ፎቅ ላይ። የመቀበያ ቶኑን አጥፋና የመላኪያውን ብቻ ተው። ብዙ ሰው ሁለቱንም ያበራና ሪፒተሩ ሲመልስለት ራሱ ሬዲዮው ያፍነዋል። ቢያንስ ጥቂት ደቂቃ ዝም ብለህ ስማ። ከዚያ ቁልፉን ተጫን፣ አንድ ሰከንድ ያህል ጠብቅ፣ መለያህን ጥራ፣ ልቀቅ። ሪፒተሩ ከከፈተ ቁልፉን ስትለቅ የመቀበያዋ መብራት ወዲያው አይጠፋም። አጭር ጸጥታ ወይም "ጢት" የምትል ድምፅ ትሰማለህ፣ ከዚያ "ጭ" ብሎ ይዘጋል። ይህን ጭራ ከሰማህ ደርሰሃል፣ የቀረው ሰው መጠበቅ ነው። መብራቷ ቁልፉን እንደለቀቅህ ድርግም ካለች አልደረስክም። ወይ ቶኑ፣ ወይ ርቀቱ፣ ወይ ቦታህ ነው ችግሩ። ቦታህን ሁለት ሜትር አሻግረው ሞክር። በዚህ ሞገድ ላይ ሁለት ሜትር ቀላል አይደለም።

ሌላ ዘዴ ልንገርህ። ግማሽ ሜትር ገደማ፣ 49 ሴንቲሜትር፣ ቀጭን ሽቦ ቁረጥ። አንደኛውን ጫፍ በአንቴናው መሠኪያ ውጫዊ ብረት ዙሪያ ጠምጥመህ አንቴናውን መልሰህ እሠር። ሽቦው ወደ ታች ይንጠልጠል። የመሃል ፒኑን እንዳይነካ ብቻ ተጠንቀቅ። 2 ሜትር ላይ አጭሯ የጎማ አንቴና የጎደላትን ግማሽ አካል ይሰጣታል። ምንም አያስወጣህም፣ ኪስ ውስጥም ይገባል።

ጆሮ_ብቻ፦

እኔ ደግሞ ፈቃድ የሌለኝ አድማጭ ነኝ። ሰው ሁሉ ስለ መናገር ያወራል፣ ማዳመጡ ግን ለመንገደኛ የበለጠ ይጠቅማል። አሜሪካና ካናዳ ከ162.400 እስከ 162.550 ሜጋኸርዝ ባለው ውስጥ ሌት ተቀን የአየር ጠባይ የሚነበብባቸው 7 ቻናሎች አሉ። አብዛኛው የእጅ ሬዲዮ ይቀበላቸዋል። ስልክ ኔትወርክ በሌለበት መንገድ ላይ ስትነዳ አውሎ ነፋስ እየመጣ እንደሆነ የምትሰማው ከዚያ ነው።

ሞገደኛው፦

ልክ ነህ፣ ግን ማዳመጥም በሁሉም አገር ነፃ አይደለም። ብሪታንያ ውስጥ ለሕዝብ ወይም ለአማተር ያልታሰበን ስርጭት ማዳመጥ በሕግ የተከለከለ ነው። አማተሩን ስማ፣ ለሕዝብ የሚተላለፈውን ስማ። ፖሊሱን፣ አምቡላንሱን፣ የኤርፖርቱን ማማ ሬዲዮዋ በተራ ከምታስሳቸው ቻናሎች ውስጥ አታስገባ። ፈታሽ ሬዲዮህን ከፍቶ ቻናሎቹን ቢያይ የምታፍርበት ነገር አይኑርባት።

ተራራ_ወጪ፦

አንተ ገና_ጀማሪ፣ አንድ ቀን ነፃ ጊዜ ካለህ ሪፒተሩን ተውና ኮረብታ ውጣ። እነዚህ ባንዶች በአብዛኛው ዓይን እስከሚያይበት ነው የሚደርሱት። ሜዳ ላይ ቆመህ ሬዲዮዋ በአገጭህ ከፍታ ሆና የሬዲዮ አድማስህ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዙሪያውን 1,000 ሜትር ዝቅ ብሎ የሚታይ ጫፍ ላይ ብትወጣ 130 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ዋቱ ያው 5 ነው። ትላልቅ ከተሞች እግርህ ሥር ሆነው 145.500 ላይ አንድ ጊዜ ስትጠራ ሦስት ሰው ይመልስልሃል።

ሶታ የሚባል ፕሮግራም አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ብሪታንያ ውስጥ የተጀመረ። በየአገሩ የተራራ ጫፎች መለያ ቁጥር አላቸው፣ ከጫፉ ላይ 4 ሰው ካነጋገርክ ነጥብ ታገኛለህ። ነጥቡ ብርቅ ሆኖ አይደለም። ከመውጣትህ በፊት በፕሮግራሙ ድረ ገጽ ሰዓቱንና ፍሪኩዌንሲውን ካስታወቅክ የሚጠብቁህ ሰዎች ስለሚኖሩ ነው። ለእንግዳ ከዚህ የተሻለ አቀባበል አላየሁም። አዲስ ሰፈር ገብተህ በር ከማንኳኳት፣ ተጋብዘህ መግባት ይሻላል።

ዲጂታሉ፦

እናንተ አሁንም በኤፍ ኤም ላይ ናችሁ እንዴ? ዲኤምአር የሚባለውን ዲጂታል ሬዲዮና የኪስ ሆትስፖት (ሬዲዮውን ከኢንተርኔት የሚያገናኝ ትንሽ ዕቃ) ይዞ የሆቴል ዋይፋይ ላይ መሰካት ነው። የትም ሆነህ የአገርህን ልጆች ታወራለህ።

ቴክኒሻኗ፦

ሆትስፖቱም እኮ በትንሽ ዋት የሚያሰራጭ ጣቢያ ነው፣ ያለህበት አገር ፈቃድ እሱንም ይመለከታል። በዚያ ላይ የሆቴል ዋይፋይ ብዙ ጊዜ በብራውዘር ገጽ ላይ የክፍል ቁጥር ጠይቆ ነው የሚያስገባው፣ ሆትስፖቱ ደግሞ ገጽ የሚከፍትበት ስክሪን የለውም። የስልክህን ዳታ ማጋራት አለብህ። አገርህን ብቻ ናፍቀህ ከሆነ ስልክህ ላይ ኤኮሊንክ የሚባለውን የአማተሮች መተግበሪያ ጫን። ያን ጊዜ ካለህበት ምንም አታሰራጭም፣ ድምፅህ በኢንተርኔት ሄዶ አገርህ ያለው ሪፒተር ላይ ነው የሚወጣው።

እኔ በበኩሌ ይህን ሁሉ መንገድ ተጉዞ የቤቱን ሪፒተር የሚያወራ ሰው አይገባኝም።

ዲጂታሉ፦

ናፍቆት ነዋ!

ተራራ_ወጪ፦

ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ተረሳ! እሱ አገር አይለይም። ከ400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆኖ የሚሠራ ሪፒተር አለው። ወደ ላይ 145.990 በ67 ኸርዝ ቶን፣ ወደ ታች 437.800። ሲያልፍ 10 ደቂቃ ገደማ ነው የሚቆየው። በዶፕለር (የሚቀርብና የሚርቅ ነገር ሞገዱ መቀያየሩ ነው) ምክንያት ወደ ታች የሚላከው ፍሪኩዌንሲ ጣቢያው ሲመጣ እስከ 10 ኪሎኸርዝ ከፍ ይላል፣ ሲሄድ ያንኑ ያህል ይወርዳል። ስለዚህ ከ437.810 ጀምረህ ወደ 437.790 የሚወርዱ ቻናሎችን አስቀድመህ ሙላ። አንዳንዴ ለሌላ ሥራ ስለሚጠፋ ከመውጣትህ በፊት ሪፒተሩ እየሠራ መሆኑን አጣራ። ፈቃዱ ግን የቆምክበት መሬት ነው፣ ሰማይ ነው ብለህ እንዳትዘናጋ።

ገና_ጀማሪ፦

ወይ ጉድ፣ በዚች ዕቃ ይሄ ሁሉ ይሠራል? የባለቤቴን ነገር ግን ማንም አልመለሰልኝም።

ጓዝ_ቀላል፦

አስበን ነው ዝም ያልነው። እሷ ፈቃድ ከሌላት የአማተሩን ሬዲዮ ለብቻዋ ይዛ መናገር አትችልም። ፈቃድ የማይጠይቁ ሬዲዮዎች አሉ፣ ግን እነሱም ድንበር አይሻገሩም። አውሮፓ ፒኤምአር 446 የሚባለው ነው፦ ከ446.0 እስከ 446.2 ሜጋኸርዝ፣ ግማሽ ዋት፣ አንቴናው የማይፈታ። አሜሪካ ኤፍአርኤስ ነው፣ 462 እና 467 ላይ። የአውሮፓውን አሜሪካ ብትወስደው የአማተር ባንድ ውስጥ ትገባለህ፣ ያውም የቀጥታ መጥሪያው 446.000 አጠገብ። የአሜሪካውን አውሮፓ ብታመጣው የሌሎች ተቋማት ሞገድ ላይ ትወጣለህ። የአንተ ሬዲዮ እነዚህን ፍሪኩዌንሲዎች ስለምትደርስባቸው ብቻ እዚያ መናገር አይፈቀድም፣ ለዚያ አገልግሎት የተመዘገበች አይደለችም። ካስፈለጋችሁ እዚያው የደረሳችሁበት አገር ጥንድ ግዙ፣ ስትወጡ ለሰው ስጡ። ካልሆነ በስልክ ተደዋወሉ። ለሁለት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ስልክ ይበቃል።

ገና_ጀማሪ፦

ስልኩ ይበቃናል ብላለች፣ እሷም ከጀርባዬ ሆና እያነበበች ነው። ለመጀመሪያው አገር አማተር ማኅበር ኢሜይል ልኬ ነበር፣ ዛሬ መለሱልኝ። የሁለት ሪፒተር ፍሪኩዌንሲና ቶን ልከውልኛል፤ አንደኛው የ1750 ፉጨት ይፈልጋል አሉ። ማታ ማታ ሰው የሚሰበሰብበትን ሰዓትም ነግረውኛል። ለትራንዚት አገሩ የጉምሩክ ቅጽ ግን የሬዲዮዋን ሞዴልና ተከታታይ ቁጥር ይጠይቃል። ሞዴሉን አገኘሁት። ቁጥሩ የት ነው ያለው?

ጓዝ_ቀላል፦

ባትሪውን አውጣው። ከኋላው፣ ባትሪው ያረፈበት ቦታ ላይ ትንሽ ወረቀት ተለጥፏል። ፎቶ አንሣው። ወረቀቱ እየተፋቀ የሚሄድ ከሆነ ቅጹ ላይ አሁን የሞላኸውን ቁጥር ኮፒ ከሬዲዮዋ ጋር ያዝ፣ ስትመለስም ይጠይቁሃል።